ጋሽ ትንፋሽና የክበቡ ማሽን

ፍሪጅ ጠጋኙን «ጋሽ ትንፋሽ» ያሉት የሰፈሩ ልጆች ናቸው። እሱም ስሙን ወዶ ተቀብሏል፤ እንዲያውም አንዳንድ ደንበኛ እናቱ ባወጣችለት ስም ሲጠራው ዞር ብሎ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ሱቁ ደጃፍ ላይ በራቸው የተነቀለ ፍሪጆች አፋቸውን ከፍተው ተደርድረዋል። መንገደኛ «ጋሼ፣ እነዚህ ደግሞ ምን ይጠብቃሉ?» ሲለው «እንዳንተ ጡረታ» ብሎ ይመልሳል። ቀልደኛ ሰው ነበር፤ ሚስቱ እስክትታመም ድረስ።

ስሙን ያመጣለት የክበቡ ማሽን ነው። ሰፈሩ ውስጥ አባላቱ ቢጫ ሰደርያ የሚለብሱ አንድ የበጎ አድራጎት ክበብ አለ። ፋርማሲስቷ፣ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ጥቂት የባንክ ሠራተኞች ናቸው። ችግኝ ይተክላሉ፣ ለተማሪ ቦርሳ ያድላሉ፣ ዓይናቸው ለደከመ ሽማግሌዎች መነጽር ይሰጣሉ። ፎቶም ይወዳሉ። አንዲት ፍሬ ችግኝ ስድስት ሰው ይዟት ሲነሣ ያየ ሰው የመብራት ምሰሶ እያቆሙ ነው የሚመስለው። ሐሜቱ ይብቃና፣ የሰጡትን ሰጥተዋል። ከሰጡት ሁሉ ደግሞ አንድ አሮጌ የኦክስጅን ማሽን ይበልጣል።

ማሽኑ የአልጋ ራስጌ ኮመዲኖ ያክላል። ከሥሩ ጎማ አለው። መብራት ላይ ሲሰካ እያጉረመረመ ከክፍሉ አየር ኦክስጅኑን ይለይና በቀጭን ቱቦ ወደ በሽተኛው አፍንጫ ይልካል። ሳንባው ለደከመ ሰው ክበቡ በነፃ ያውሰዋል፤ ሰውየው ሲድን ወይ ሲሞት ወደ ሌላ ቤት ይዛወራል። ድኖ የመለሰ እምብዛም የለም። አንድ ጊዜ ማሽኑ ተበላሽቶ የሚጠግነው ሲጠፋ፣ «ፍሪጅም ያው ይጮኻል፣ ይህም ይጮኻል» ብለው ፍሪጅ ጠጋኙን ጠሩት። አስነሣውና በዚያው የክበቡ አባል ሆኖ ቀረ። ማሽኑን በጋሪው እየገፋ በሽተኛው ቤት የሚያስገባው፣ በየቅዳሜው እየሄደ አየር የሚስብበትን የስፖንጅ ማጣሪያ በሳሙና የሚያጥበው፣ መጨረሻ ላይም የሚያወጣው እሱ ነው።

ማሽን የሚያወጣበት የራሱ ወግ ነበረው። በሽተኛው ሲሞት መጀመሪያ ባዶ እጁን፣ ከሚስቱ ጋር፣ ለቅሶ ይደርሳል። ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ለቀስተኛው ተበትኖ፣ ቤተሰቡ ራሱ «ጋሼ፣ ማሽኑን አይወስዱም ወይ?» እስኪለው ድረስ ስለ ማሽን ትንፍሽ አይልም። የክበቡ ሰዎች ወረፋ የሚጠብቅ በሽተኛ አለ ብለው ቢነጫነጩበትም «የሰው አልጋ ሳይቀዘቅዝ ገመድ አልነቅልም» ብሎ ድርቅ ይላል። ወደ በሽተኛ ሲወስደው ሰው አይቶ ደስ እንዲለው ገልጦ ነው የሚገፋው፤ ሲመልሰው ግን ብርድ ልብስ ያለብሰዋል።

የክበቡን ትልቁን ደንብም ያስወጣው እሱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የክበቡ ሰብሳቢ፣ ያ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ፣ «ለሁለት ቀን ብቻ» ብሎ ማሽኑን ከአንዲት ልብስ አጣቢ ቤት አስነሥቶ ለአማቱ ወሰደው። አጣቢዋን ጎረቤት ተሸክሞ ሐኪም ቤት ባያደርሳት አልቆላት ነበር። በሚቀጥለው ስብሰባ ጋሽ ትንፋሽ ተነሣና ጠረጴዛውን እየደበደበ ሰብሳቢውን በሰው ፊት ልክ ልኩን ነገረው። «ሰው እየተነፈሰበት ካለ ቤት ማሽን አይወጣም! የንጉሥ እናት ብትታመም አይወጣም!» አለ። ጭብጨባው ጣሪያ ሊነቅል ደረሰ። ሰብሳቢው ራሱ አንገቱን ደፍቶ አጨበጨበ። ወንበሩን ግን አልለቀቀም፤ ወንበር ሙጫ አለው።

ያን ቀን ጋሽ ትንፋሽ ቤቱ ገብቶ የተናገረውን ሁሉ ለሚስቱ እየተወነ አሳያት። እሷም «እሰይ የኔ አንበሳ» አለችው። የዚያ ቀን ጀግንነት እንዲህ ዞሮ እንደሚመጣበት ማን ያውቃል?

ሚስቱ ዕድሜዋን የፈጀችው ፍራሽ ቤት ነው፤ ጥጥ ስትፈለቅቅ፣ ስትነድፍ፣ ፍራሽ ስትሞላ። ማታ ስትመለስ ፀጉሯም ሽፋሽፍቷም ነጭ ይሆናል፤ እሱም «ምነው፣ ጠዋት ልጅ ሸኝቼ አሮጊት መለሱልኝ» እያለ ይቀልድባታል። ብናኙ ፀጉሯ ላይ ብቻ የሚያርፍ መስሏቸው ኖሩ። ለካ ሳንባዋ ውስጥ ገብቶ ጎጆ ቀልሷል። ልጅ አልወለዱም። እሱ ከእሷ ሌላ ማንም የለውም፤ እሷም ከእሱ ሌላ።

ወሬ የምትወድ ሴት ናት። ከሥራ ስትመለስ ገና ደጃፍ ላይ ሆና ነው የምትጀምረው። ሕመሙ ከእግሯ በፊት የወሰደባት ወሬዋን ነው። ሁለት ቃል ትልና ታርፋለች፤ እንደገና ሁለት ቃል ትላለች። ከንፈሯ ጠቆረ። መተኛት ትታ በትራስ ተደግፋ ማደር ጀመረች። ሐኪም ቤት ተኝታ ትንሽ አገገመች፤ ግን አልጋ የሚጠብቀው ሰው ኮሪደሩን ሞልቶታል። ሐኪሟ ጋሽ ትንፋሽን ወደ ውጭ ጠርታ «ከእንግዲህ ቤት ውስጥ ኦክስጅን ነው የሚያስፈልጋት። ያለ ማሽን ብዙ አትቆይም» አለችው። ከዚያም ልታጽናናው ፈልጋ «እናንተ ሰፈር ማሽን የሚያውስ ክበብ አለ አሉ። ለምን አትጠይቃቸውም?» ብላ ጨመረችለት። ጋሽ ትንፋሽ መሬት መሬቱን አየ።

ማሽኑ ያኔ ጡረተኛው ሾፌር ቤት ነበር። ሽማግሌው ከሴት ልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ደረታቸው ያለቀ፣ ምላሳቸው ግን ያላለቀ ሰው ናቸው። እየተነፈሱበት ነው።

ጋሽ ትንፋሽ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ሰብሳቢው ሱቅ ሄደ። ሰብሳቢው በሚስማር ካርቶኖችና በቁልፍ መደርደሪያ መካከል ተቀምጦ አዳመጠው።

«ሁለተኛ ማሽን ተልኮልናል» አለ። «ጉምሩክ ነው ያለው። በየቀኑ እመላለሳለሁ፤ ዛሬ ነገ ይሉኛል።»

«እሷ ነገን የምትጠብቅበት አቅም የላትም» አለ ጋሽ ትንፋሽ።

ሰብሳቢው አንድ ቁልፍ አንሥቶ አገላብጦ መለሰው። «ያኔ በሰው ፊት ስታዋርደኝ፣ አማቴ ሰው አልነበሩም?»

ሰብሳቢው ወደ በሩ አየት አድርጎ ድምፁን ቀነሰ። «ተወው፣ ቂም ይዤ አይደለም። ሚስትህ እህቴ ናት። ማሽኑን የምታስገባውም የምታወጣውም አንተ ነህ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል። እኔ እንደሆነ፣ ካየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

ቢሰድበው በተሻለው ነበር። ስድብ ቢሆን ተናዶ ይወጣል፤ ይህ ግን አብሮት ቤት ድረስ ሄደ፣ አብሮት ተኛ። ሌሊቱን ሙሉ ሚስቱ አየር ስትለምን ሰማ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሲነጋ ልቡ አንድ ነገር ቆርጦ ነበር። ቀኑ ደግሞ ቅዳሜ ነው። እኩለ ቀን ላይ ጎረቤታቸውን ከሚስቱ ጋር አስቀምጦ ጋሪውን እየገፋ ወጣ።

የሾፌሩ ቤት አንድ ክፍል ነው። ከአልጋው በላይ፣ ሌላው ሰው የቅዱስ ሥዕል በሚሰቅልበት ቦታ፣ የድሮ የጭነት መኪናቸው መሪ ተሰቅሏል። ልጃቸው እንደ ቅዳሜ ልማዷ ለማጣሪያው ማጠቢያ ውሃ በሳፋ ቀድታ፣ ሳሙናና ንጹሕ ፎጣ አጠገቡ አስቀምጣ ትጠብቀዋለች።

«ግባ መካኒኩ!» አሉ ሽማግሌው። «ሞተሩ ዛሬም ተነሥቷል። ፍሬኑ ነው እንጂ የማያስተማምነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «ቁልቁለት እንዳይሄዱ» ብሎ ይመልስላቸው ነበር። ዛሬ ሳፋውን አልፎ ማሽኑ አጠገብ ተንበረከከ። መዳፉን ክዳኑ ላይ አሳረፈ። ማሽኑ በደንብ እየሠራ ነው፤ እንዲያውም እንደዚያን ቀን አምሮበት አያውቅም።

«ድምፁ አላማረኝም» አለ።

ልጅቷ ክው አለች። «ምን ሆነ?»

«ውስጡ መታየት አለበት። ሱቅ ወስጄ አይቼው እመልሰዋለሁ። እስከዚያ ሲሊንደሩን እንሰካላቸው።»

ሲሊንደሩ መብራት ሲጠፋ እንዲያገለግል ክበቡ የሰጠው ትንሽ የኦክስጅን ጠርሙስ ነው። ቢበዛ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ያቆያቸዋል፤ ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ቱቦውን ከማሽኑ ነቅሎ ጠርሙሱ ላይ ሰካ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩት። ቀልዳቸው ከፊታቸው ላይ ጠፋ።

«ቶሎ ትመለሳለህ?» አሉት።

«እመለሳለሁ አባቴ።»

«ቶሎ» አሉ፣ ደግመው።

ልጅቷ ማሽኑን በአንድ ወገን ይዛ ጋሪው ላይ እስኪጭን አገዘችው። «ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር? ዕድሜ ይስጥዎ» ብላ መረቀችው። ብርድ ልብሱን አለበሰውና እየገፋ ሄደ። ምርቃቱ ከኋላው እየተከተለ ይገርፈው ነበር። ማዕዘኑ ላይ ያለችው ፍራፍሬ ሻጭ ብርድ ልብሱን ስታይ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ውይ ጋሼ፣ ደግሞ ማን አረፈ?»

«ሾፌሩ» አለ፤ ከአፉ አመለጠው። በቁሙ ያለን ሰው በጠራራ ፀሐይ ገደለው። ሴትየዋ ከንፈሯን መጠጠች፤ እሱ ጋሪውን ገፋ።

ቤት ሲደርስ ጎረቤቲቱ ማሽኑን አይታ በደስታ ልትጮህ ነበር፤ በእጁ ምልክት ዝም አሰኛትና አመስግኖ ሸኛት። ሰካው። ቱቦውን ሚስቱ አፍንጫ ላይ አደረገላት። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። መጀመሪያ ትከሻዋ ወረደ። ቀጥሎ አንሶላውን የጨበጠው ጣቷ ተፈታ። የከንፈሯ ጥቁረት ቀስ እያለ ለቀቀ። ዓይኗን ጨፍና ቆየችና ገለጠች፤ ጣሪያውን አየች።

«ያ የጣሪያው ውሃ ምልክት ሰፋ እኮ፤ ዝናብ ሳይመጣ አስጠግነው ብዬህ አልነበረም?» አለች።

ሳታርፍ፣ ሳትቆራርጥ፣ በአንድ ትንፋሽ ጨቀጨቀችው። ጋሽ ትንፋሽ ይስቅ ያለቅስ አያውቅም፤ ሁለቱንም አደረገ። ለዚህች አንዲት ጭቅጭቅ ሲል ዓለምን ሁሉ ቢዘርፍ የማይጸጸት መሰለው። እሷም አብራው ሳቀች፣ እጁን ያዘች። ቀጥሎ ዓይኗ ወደ ማሽኑ ሄደ። እጀታው ላይ የተጠቀለለው የፍራሽ ጨርቅ እሷ ራሷ የሰጠችው ነው።

«ይሄ አሮጌው ነው» አለች።

«አዎ። ሾፌሩ አረፉ።»

«ውይ! ውይ እኒያ ሰውዬ! ነፍስ ይማር። መቼ?»

«ዛሬ… ጠዋት።»

ማሽኑ ብቻ ያጉረመርማል። የፊቷ ሐዘን ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ እያየ፣ ጋሽ ትንፋሽ የት ላይ እንደተሳሳተ ገባው።

«ዛሬ ጠዋት ሞተው ዛሬ አመጣኸው?» አለች ቀስ ብላ። «ስንት ለቅሶ አብሬህ ተቀምጬ፣ የሰው አልጋ ሳይቀዘቅዝ ገመድ አልነቅልም ስትል ሰምቼ? አንተ? ሬሳ ሳይወጣ?»

ያ ማሽን በሰጣት አየር እየተናገረች ያዘችው።

«ሰውየው አልሞቱም» አለች።

አንገቱን ደፋ። «ሲሊንደር ትቼላቸዋለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ዘጠኝ።»

ሁለቱም ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ። ስምንት አልፏል። እሷ እጇን ወደ አፍንጫዋ ስትሰድ ተንደርድሮ ያዛት። «አይሆንም! እመቤቴ፣ በእናትሽ! እኔ አንቺን አጥቼ የት እገባለሁ? ደንቡም ገደል ይግባ፣ ክበቡም ገደል ይግባ። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፤ አንቺ ዝም ብለሽ ተንፍሺ!»

«ኃጢአቱማ ባንተ ይሆናል» አለች። «የምተነፍሰው ግን እኔ ነኝ። አየሩ በገባ በወጣ ቁጥር እኚያ ሰውዬ ሊታዩኝ ነው። ምኑን ተነፈስኩት?» ከዚያ ድምጿ ተሰበረ። «እኔ መሞት የምፈልግ እንዳይመስልህ። እፈራለሁ። በጣም እፈራለሁ። ግን መልሰው፤ ሐሳቤን ሳልቀይር ቶሎ መልሰው።»

ቱቦውን ራሷ አወለቀች።

ጎረቤቲቱን መልሶ ጠራ። ጋሪውን እንዴት እንደገፋ፣ በየት በኩል እንደሄደ አያስታውስም። ብርድ ልብሱን ቤት ረስቶታል፤ ፍራፍሬ ሻጯ የተገለጠውን ማሽን አይታ አፏን ይዛ ቀረች። የሾፌሩ ልጅ ደጅ ቆማ መንገዱን ግራ ቀኝ ታይ ነበር። «ጋሼ! መጡ! ጠርሙሱ ሊያልቅ ነው፣ አባዬ ደክሟል!» አለችው። ፊቷ አመድ መስሏል። ማሽኑን አስገብቶ ሰካው፤ ቱቦውን ሽማግሌው አፍንጫ ላይ አደረገ፤ ተንበርክኮ ጠበቀ። ቀስ እያሉ ተመለሱ። ልጅቷ እንባዋን እየጠረገች ውሃ ልታመጣ ወጣች።

«ሞተሩ ደህና ነበር» አሉት ሽማግሌው በሹክሹክታ።

«አዎ» አለ።

«አውቄያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሞተር ሳዳምጥ ነው የኖርኩት። ሚስትህ መታመሟንም ሰምቻለሁ።» አረፉ። «ውሰድላት፣ እኔ መንገዴን ጨርሻለሁ ልልህ ነበር። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ፈራሁ ልጄ። ስትወጣማ እንደ ሕፃን ፈራሁ።»

ጋሽ ትንፋሽ ግንባሩን እጃቸው ላይ ደፍቶ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እሳቸው ራሱን ዳሰሱት። «ለልጄ እንዳትነግራት» አሉ። «ሰው ማመን ትታ ብቻዋን እንዳትቀር።»

ቤት ሲመለስ ሚስቱ በራሷ እጅ በሞላቻቸው ትራሶች ተደግፋ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። ጎረቤቲቱ በካርቶን ቁራጭ ታራግብላታለች። ከንፈሯ መልሶ ጠቁሯል። ጎረቤቲቱን አሳርፎ፣ ትራሶቹን ወደ ጎን አድርጎ ከኋላዋ ተቀመጠ፤ ቀና ብላ እንድትተነፍስ ደረቱ ላይ አስደገፋት። ስልኩ ከኪሱ ጮኸ፤ ሰብሳቢው ነው። ጉምሩክ ለሰኞ ቀጥረውናል አለ። ጋሽ ትንፋሽ «እሺ» ብሎ ዘጋው። ይህን ሰኞ ስንት ጊዜ ሰምቶታል።

«ደረስክላቸው?» አለች ሚስቱ።

«ደረስኩ።»

«ተነፈሱ?»

«ተነፈሱ።»

እንቅልፍ የወሰዳት መስሎት ነበር።

«ማጣሪያውን…» አለች። አረፈች። «አጠብክላቸው?»

ያ ሳፋ ትዝ አለው፤ ውሃው፣ ሳሙናው፣ ተጣጥፎ የተቀመጠው ፎጣ። ሁለት ጊዜ በአጠገቡ አልፏል።

«አላጠብኩም።»

«ነገ…» አለች። «እጠብላቸው።»

«እሺ» አለ። ጀርባዋ ደረቱ ላይ ዝቅ አለ። ከፍ እስኪል ጠበቀ። ከፍ ሲል እሱም ተነፈሰ፤ ዝቅ አለ፤ እንደገና ጠበቀ።